አሲድን በስልክ ያስተማርኩበት ዓመት

ሚዛን ተፈሪ ላይ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ የላቦራቶሪውን በር ከፍተው አስገቡኝ። ውስጡ በማዳበሪያ የታሠረ ቡና እስከ መስኮቱ ተደርድሯል። ትምህርት ቤቱ ከጓሮው ያመረተው ቡና ማስቀመጫ አጥቶ ነው እዚያ የገባው። "ቡናው ሲወጣ ላቦራቶሪ ይሆናል" አሉኝ ሰውዬው፣ ሳይስቁ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። እኔ ከቡታጅራ ተመድቤ፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተንገላትቼ የመጣሁ ጀማሪ የኬሚስትሪ መምህርት ነበርኩ፤ ሻንጣዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።

ቡናው ከወር በኋላ ወጣ። ከኋላው መደርደሪያ ነበር፤ በመደርደሪያው ላይ ጠርሙሶች አሉ፣ ስማቸው ግን የለም። በዚያ አገር ዝናብ ቆመ ሲሉት ይመለሳል። እርጥበቱ ሙጫውን አላቆ፣ የስም ወረቀቶቹን ወለል ላይ አራግፏቸዋል። የትኛው ወረቀት ከየትኛው ጠርሙስ እንደወደቀ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። አንዱን ጠርሙስ ሳነሣው ከበደኝና ጠረጠርኩት። የእንጨት ስንጥር ነከርኩበት፤ ስንጥሩ ከሰል ሆኖ ወጣ። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በቀለም ጽፌ በሰም ለበጥኩት። በራሴ በጣም ኮራሁ።

በሦስተኛው ዓመት ያ ኩራቴ ዋጋ አስከፈለ። ያ አሲድ እንዴት እንደሚቀጥን እያሳየሁ ነበር። ሕጉ አጭር ነው፤ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ምክንያቱን ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ዞር አልኩ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ተስፋዬ የሚባል ጎበዝ ልጅ፣ ሊያግዘኝ ብሎ፣ ውኃውን ወደ አሲዱ ገለበጠው። አሲዱ ፈልቶ ዘለለና ጉንጩና የዓይኑ ቆብ ላይ አረፈ። ቧንቧ አልነበረንም። በባልዲ የነበረውን ውኃ በሙሉ ፊቱ ላይ አፈሰስኩና አቅፌው አማን ወዳለው ሆስፒታል ሮጥኩ።

ዓይኑ ተረፈ። ጉንጩ ላይ ግን ጠባሳው ቀረ። እሱ ቂም የሚይዝ ሰው አይደለም፤ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ዕቃውን አስቀምጦ ሰላም ይለኛል። እኔ ነኝ ከሩቅ ካየሁት መንገድ የምሻገረው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ላቦራቶሪውን ቆለፍኩት። ጀማሪ መምህር ሆኜ የዘጋሁትን በር ከፍተኛ መምህር ስሆን አልከፈትኩትም፤ መሪ መምህር ስባልም አልከፈትኩትም። የሚጠይቀኝ ሲመጣ "ኬሚካል የለም" እላለሁ። ግማሹ እውነት ነበር።

ስለዚህ ለሃያ ዓመት ኬሚስትሪን በጠመኔ አስተማርኩ። ሚቴን የሚባለውን ሞለኪውል በመስቀል ቅርጽ እሥላለሁ፤ መሃሉ ካርቦን፣ በአራቱ ጫፍ ሃይድሮጅን። ከሣልኩ በኋላ ደግሞ "በእውነት ግን እንዲህ ጠፍጣፋ አይደለም" እላለሁ። ተማሪዎቹ "ታዲያ እንዴት ነው?" ይሉኛል። እጆቼንና አንድ እግሬን አንሥቼ ለማሳየት የሞከርኩበት ክፍለ ጊዜ አለ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አሾፉብኝ። በመኸር ወቅት ቀይ የቡና ፍሬ በስንጥር እየሰካን እንሠራ ነበር። ይህ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ፍሬው በሁለት ቀን ይጨማደድና ሞለኪውሉ አንገቱን ይደፋል።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ታሪኩ የሚባል ሰው መጣ። ታሪኩ ሸዋ ቤንች ያደገ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ሙያው ኮምፒውተር ነው። መምህራን ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ የታተመበት የእጅ መዳፍ የምታክል ወረቀት አስቀመጠ። "ቲቸር፣ ይቺን በስልኬ ካሜራ ይመልከቷት" አለኝ። ተመለከትኩ። በስልኩ ውስጥ ጠረጴዛዬ አለ፤ የሻይ ብርጭቆዬ አለ፤ ከወረቀቷ ላይ ደግሞ ሚቴን ተነሥቶ ቆሟል። ስልኩን ወደ ጎን ሳዞር ጎኑን አየሁ። ወደ ላይ ሳነሣ አናቱን አየሁ። ጠፍጣፋ አይደለም።

"ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል" አለኝ። "ካሜራው ያለውን ነገር እያሳየ፣ የሌለውን እላዩ ላይ ይደርብበታል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ በሚሞሪ ካርድ ነው የምጭነው።"

ሃያ ዓመት ሙሉ "እንዲህ አይደለም" ብዬ ብቻ ያለፍኩትን ነገር እያየሁ ነበር። ዕንባዬ መጣ፤ ታሪኩ ግን ስልኩ የተበላሸ መስሎት "ምን ሆነ?" ብሎ ነጠቀኝ።

ርእሰ መምህራችን አቶ ወልዴ ይባላሉ። ከታሪክ መምህርነት ያደጉ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። በር ላይ ስልክ ሲቀሙ ይውላሉ፤ መሳቢያቸው ወላጅ እስኪመጣ በሚጠብቁ ስልኮች ተሞልቶ አይዘጋም ነበር። ሄጄ ጉዳዩን ነገርኳቸው።

"ቲቸር ዘነበች፣ እኔ በበር እቀማለሁ፤ እርስዎ በመስኮት ሊያስገቡ ነው?"

"በመስኮት አይደለም። ከመሳቢያዎ ነው የምወስደው።"

ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ከዚያ ውላችንን ጻፍን። ስልክ የሚገባው ወላጅ ከፈረመ ነው፤ ሲም ካርዱ ወጥቶ በፖስታ ይታሸጋል፤ ለአንድ ዴስክ አንድ ስልክ ብቻ፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ቆጥሬ አስረክባለሁ። ከመሳቢያው ውስጥ ከሚገኙት ግማሾቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች ስለነበሩ ለሥራ አልሆኑንም። በቀሩት ጀመርን።

ታሪኩ እንዳሳየኝ ያሉትን ባለ ቅርጽ ካርዶች ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምን። መጀመሪያ በፕላስቲክ አስለበድኳቸው፤ ሲያብረቀርቁ ካሜራው አላነብ አለ። ፕላስቲኩን ስንተው ደግሞ እርጥበቱ ወረቀቱን ጠቀለለው። በመጨረሻ ካርቶን ላይ ለጥፈን፣ ማታ ማታ መጽሐፍ ተጭኖባቸው እንዲያድሩ አደረግን።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠሁት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ሞለኪውሉ ሲነሣ ዮሐንስ የሚባለው ተማሪ ከዴስኩ ተነሥቶ በጠረጴዛው ዙሪያ መራመድ ጀመረ፤ ከኋላ በኩል ምን እንዳለ ለማየት ነው። ሌሎቹም ተከተሉት። ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ተማሪ ወዶ ከመቀመጫው ሲነሣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሞለኪውሉን ከጨረስን በኋላ ስልኩ ላይ ወዳለው የላቦራቶሪ ልምምድ አለፍን። እዚያ ደግሞ በአንዱ ካርድ ላይ ቢከር የሚባለው መለኪያ ብርጭቆ ይነሣል፣ በሌላው የአሲድ ጠርሙስ፤ ካርዱን ስታጋድሉት ይፈሳል። ውኃውን ወደ አሲዱ ካፈሰሱ ይፈላና ቀይ ምልክት ይበራል። አሥር ጊዜ ተሳሳቱ፤ አሥር ጊዜ ሳቁ፤ ማንም አልተቃጠለም። ቤቴ ስገባ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። በስልክ ያለ አሲድ ማንንም አይነካም ብዬ፣ ልቤ ጥግ አግኝቶ ተቀመጠ።

ጥጉ ብዙ አልቆየም። ታሪኩ ቴፒ ካለ አንድ ላቦራቶሪ የግማሽ ቀን ፈቃድ አገኘልን። "እውነተኛውን ይንኩ እንጂ" አለ። አቶ ወልዴም ደስ አላቸው። ፕሮግራሙን ስንቀበል ሥራው አሲድ ማቅጠንና የሚጨምረውን ሙቀት በቴርሞሜትር መለካት እንደሆነ አነበብኩ። ላቦራቶሪው ከሚሰጣቸው ሙከራዎች ሁሉ ይህን ብቻ መረጡልን።

"አልሄድም" አልኳቸው ለአቶ ወልዴ።

"ለምን?"

ስለ ተስፋዬ የነገርኳቸው ያኔ ነው። እስክጨርስ አዳመጡና "እርስዎ ካልሄዱ እኔ ነኝ ይዣቸው የምሄደው" አሉ። "እኔ ደግሞ አሲዱንና ውኃውን አልለይም። የትኛው ይሻላል?" በዚህ አኳኋን የጉዞውን ወረቀት አስፈረሙኝ።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው በእውነተኛ ቢከርና በንጹሕ ውኃ ልምምድ አደረግን። አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ቴርሞሜትር ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። ቅደም ተከተሉን ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። አንድም ልጅ አልተሳሳተም። እኔ ግን ከፊታቸው ቆሜ ሌላ ነገር አየሁ።

ሁሉም ፊታቸውን ቢከሩ አፍ ላይ ደፍተዋል። ዮሐንስ አፍንጫው የመስታወቱን ጠርዝ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱም እንዲህ አያደርግም ነበር። ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። በስልኩ አንድን ነገር አጉልቶ ለማየት መጠጋት ነው፤ ካሜራው ለካርዱ በቀረበ ቁጥር ሞለኪውሉ ይተልቃል። ለሁለት ወር "ጠጋ በሉ፣ በደንብ እዩ" እያልኩ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ሕጉን በጭንቅላታቸው ሳስገባ፣ ፊታቸውን ደግሞ ወደ አሲዱ ስቤዋለሁ።

"ራቁ!" ብዬ ጮህኩ። ራቁ። ለሚቀጥለው ሙከራ ተመልሰው ተደፉ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ለአንድ ደቂቃ ያስታውሱና ነገሩ ሲጥማቸው አንገታቸው በራሱ ይሄዳል። ሌላ የልጅ ፊት ሊቃጠልብኝ ነው የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ።

የረዳችኝ ማርታ ናት። ማርታ ከሸኮ የመጣች፣ ሚዛን ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። አባቷ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ። ክፍሉ ሲበተን ቀርታ ጠረጴዛ ስታጸዳ፣ "ቲቸር፣ እኛ ጋ ቀፎ ሲከፈት ፊት አይሰጥም" አለችኝ።

"እንዴት ነው የሚደረገው?"

አሳየችኝ። ክንዷን እስከ መጨረሻ ዘረጋች፣ አገጯን ወደ ኋላ ሳበች፣ ፊቷን ትንሽ ወደ ጎን መለሰች፤ ዓይኗ ግን እዚያው ነው። "አባቴ ዛፍ ላይ ነው፤ ንብ ቢነሣ መሸሻ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ይርቃል።"

"ዝቅ ያለ ነገር ማየት ከፈለገስ?"

"ጉልበቱን ነው የሚያጥፈው። አንገቱን አያጥፍም።"

በማግስቱ ማርታን ከሰሌዳው ፊት አቆምኳትና ለክፍሉ አሳየች። የከተማ ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። የገጠሮቹ ግን ቶሎ ገባቸው፤ ቀፎ የማያውቅ ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲደፋ ጎረቤቱ "ቀፎ!" ይለዋል። እኔም ሌላ ጨመርኩበት። ውኃው ውስጥ ቀይ ቀለም በጥብጬ፣ ድንገት ከኋላ መጥቼ ጠጠር እጥልበታለሁ። የራቀ ንጹሕ ነው። የተደፋ ፊቱም ዩኒፎርሙም ቀይ ነጠብጣብ ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን የዮሐንስ እናት መጡ። አማን ላይ ሱቅ ያላቸው ቆፍጣና ሴት ናቸው። የልጃቸውን ሸሚዝ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙት።

"ቲቸር፣ ልጄን ኬሚስትሪ ነው የምታስተምሪው ወይስ ቀለም ቅብ?"

ወደ ክፍሉ አስገባኋቸው። ስልክ ሰጥቼ ካርዱን አሳየኋቸው። "ወይ ጉድ" እያሉ ተጠጉ፤ ተጠጉ፤ መነጽራቸው ካርዱን ሊነካ ደረሰ። ግንባራቸውን በመዳፌ ያዝኩት። "ልጅዎ የሚጎዳብኝ እዚህ ጋ ነው" አልኳቸው። "ቴፒ ላይ በካርዱ ቦታ እውነተኛ አሲድ ይኖራል።"

ቀና ብለው ሸሚዙን አጣጠፉና "ለመሆኑ ይሄ ቀለም በምን ይለቃል?" አሉኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ለቀሩት ቀናት ግን ዮሐንስን በአሮጌ ሸሚዝ ላኩልኝ። ያን ያህል ብቻ ነው የተነጋገርነው፤ በጣም ወደድኳቸው።

የጉዞው ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹ መዝሙር ዘመሩ፤ የጴንጤዎቹ ሲያልቅ ኦርቶዶክሶቹ ይቀጥላሉ፤ ሙስሊሞቹ ያጨበጭባሉ። ሸኮን ስናልፍ ማርታ በመስኮት እጇን አውጥታ "ያ የእኛ ነው" አለች፤ ጫካ እንጂ ቤት አልታየኝም። እኔ ቁርስ አልበላሁም ነበር።

የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ትሑት ወጣት ነው። ጋውን፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ለሁሉም አደለ። "ልጆቹ ከዚህ በፊት ስንቴ ላቦራቶሪ ገብተዋል?" ሲል ጠየቀኝ።

"አንድም ጊዜ።"

"ታዲያ የት ተማሩ?"

"በስልክ።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው መነጽሩን አስተካከለና ወደ ልጆቹ ጠጋ ብሎ ቆመ። መነጽር ዓይን ይከልላል። ጉንጭና አንገት ግን ባዶ ናቸው፤ የማየው እነሱን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቡድን በሰላም ጨረሰ። በሁለተኛው ማርታ አፍሳሽ፣ ዮሐንስ ቴርሞሜትር አንባቢ ሆኑ። ማርታ አሲዱን በመስታወት ዘንግ ላይ እያንሸራተተች ወደ ውኃው ትለቃለች፤ ዮሐንስ ቁጥሩን ይጠራል። ሃያ ስድስት። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ስምንት። ቁጥሩ ሲፈጥን ልጁን ደስታ ያዘው። አንገቱ መሄድ ሲጀምር አየሁት። ልጮህ አፌን ስከፍት ማርታ ቀደመችኝ።

"ቀፎ" አለች ማርታ፣ ዓይኗን ከዘንጉ ሳታነሣ፣ በዝግታ።

ዮሐንስ አገጩን ሳበና በጉልበቱ ዝቅ አለ። በዚያው ቅጽበት የማርታ እጅ ትንሽ ቸኮለ። ቢከሩ ቸስ አለና ሁለት ጠብታ ከአፉ ዘለለ። አንዱ የዮሐንስ የጋውን እጅጌ ላይ ወደቀ። ሌላው አገጩ በነበረበት ቦታ አልፎ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ቴክኒሺያኑ የልጁን ጋውን ገፎ እጁን ቧንቧ ሥር አስገባው። እኔ መነጽሩን አውልቄ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወደ ግራ አዞርኩት፣ ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ አገጩን ቀና አድርጌ አንገቱን አየሁ። ምንም የለም። እንደገና አየሁ። ንጹሕ የልጅ ቆዳ ነው፤ ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀለም።

"ቲቸር" አለኝ፣ ጉንጩ በመዳፎቼ መሃል ተጨምቆ፣ "ይልቀቁኝ፣ ቁጥሩ እያመለጠኝ ነው።"

ለቀቅኩት። ቴክኒሺያኑ ሌላ ጋውን ሰጠው፤ መነጽሩን መልሶ አጠለቀና፣ ክንድ የሚያህል ርቆ፣ ጉልበቱን አጥፎ "አርባ አራት" አለ። ማርታም ማፍሰሱን ቀጠለች፤ አሁን በጣም ቀስ ብላ። እኔ ጥግ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ቴክኒሺያኑ የሰጠኝን ውኃ ጠጥቼ ተነሣሁ፤ ገና አራት ቡድን ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በየዓመቱ ካርዶቹንም እጠቀም ነበር፤ ልጆቹንም ቴፒ እወስድ ነበር። ለወጣት መምህራን የምለው ይህን ነው። አዲስ መሣሪያ ለተማሪ ስትሰጡ የሚያስተምረውን ብቻ አትዩ፤ ሰውነቱን ምን እያስለመደው እንደሆነም እዩ። የማይሆነውን ልማድ በውኃ ስትለማመዱ አስጥሉት። አሲዱ ሲመጣ ጊዜ የለም።